ቨርቹዋል ማሽኖቼ ራሙን ሲጨርሱት

ዴስክቶፔ 16 ጊጋባይት ራም አለው። ሊኑክስ ላይ በኬቪኤም (ሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽን የሚያስኬድበት ክፍል) ሦስት ቨርቹዋል ማሽኖች፣ ማለትም በአንዱ ኮምፒውተር ውስጥ ራሳቸውን ችለው የሚሠሩ ሲስተሞች፣ አዘጋጅቼ ለእያንዳንዳቸው 4 ጊጋባይት ሰጠሁ፦ አንዱ ለዳታቤዝ፣ አንዱ ለዌብ ሰርቨር፣ አንዱ ለመሞከሪያ። የተረፈው 4 ለዋናው ሲስተም ይበቃል ብዬ ነበር። ጠዋት እንደከፈትኳቸው ጥሩ ይሠራሉ። ከሰዓት በኋላ ብሮውዘር ስከፍት ግን ማውሱ ሳይቀር ይደርቃል፤ ቆይቶም ዳታቤዙ ያለበት ማሽን ድንገት ይጠፋል።

ሁለት ቀን ሙሉ ችግሩን እዚያው ማሽን ውስጥ ፈለግኩ። ሎጉ (የክስተት መዝገቡ) መብራት እንደጠፋበት ሁሉ መሃል ላይ ይቆረጣል እንጂ ምንም አይናገርም። መልሱ የነበረው የዋናው ሲስተም ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ሎግ ላይ ነው፦ ሚሞሪ ስላለቀ ቨርቹዋል ማሽኑን የሚያስኬደው የኬሙ ፕሮሰስ ተገድሏል። ከርነሉ ራም ሲያልቅበት በተለይ ብዙ የያዘውን ፕሮሰስ መርጦ ይገድላል። በእኔ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ከቨርቹዋል ማሽን የበለጠ የሚይዝ የለም።

ግራ ያጋባኝ ሌላ ነገር ነው። የዌብ ሰርቨሩ ማሽን ውስጥ ገብቼ ሳይ 3 ጊጋባይት ያህል ለሥራ ዝግጁ ነው ይላል፤ ከውጭ ሲታይ ግን ያው ማሽን አራቱንም ይዟል። ለካ ያነበበውን ፋይል ሁሉ ካሽ እያደረገ (ለሚቀጥለው ጊዜ ራም ላይ እያስቀመጠ) ራሙን ቀስ በቀስ ይሞላዋል። ለእሱ ካሹ እንደ ትርፍ ነው፤ ለዋናው ሲስተም ግን የተያዘ ነው፣ በራሱም አይመለስም። ጠዋት ደህና ውሎ ከሰዓት የሚያስቸግረኝ ለዚህ ነበር።

ባሉን ድራይቨሩ (ከቨርቹዋል ማሽን ራም ለዋናው ሲስተም የሚያስመልሰው) ይህን በራሱ ያስተካክላል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። እኔ ጋ ግን በቨርሽ (ቨርቹዋል ማሽኖችን ማስተዳደሪያ) ትእዛዝ ካልነገርኩት አንዲት ሜጋባይት አልመለሰም። ስለዚህ ድልድሉን ራሱን ቀነስኩ፦ ለዌብ ሰርቨሩ 1፣ ለመሞከሪያው 2፣ ለዳታቤዙም 2። ዳታቤዙ በማግሥቱ እንደገና ተገደለ፤ በዚህኛው ግን የገደለው የቨርቹዋል ማሽኑ የራሱ ከርነል ነው። የማይኤስኪውኤል (የዳታቤዙ ፕሮግራም) በፈር ፑል፣ ማለትም ዳታ ራም ላይ የሚይዝበት ቦታ፣ በድሮው ልክ 2 ጊጋባይት እንደሆነ ትቼው ነበር። ማሽኑን ወደ 3 ከፍ፣ በፈሩን ወደ 1 ዝቅ ሳደርግ ጸጥ አለ።

ስዋፕን (ራም ሲጠብ ዲስክ ላይ የሚያዝ ቦታ) በተመለከተ፣ የተያዘው መጠን ብቻውን አያስደነግጠኝም። ቪኤምስታት የተባለው ትእዛዝ በየሰከንዱ የሚያሳየውን የስዋፕ መግቢያና መውጫ ነው የማየው፤ ሳያቋርጥ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ራሙ በእርግጥ አንሷል። ትናንት ሦስቱም ማሽኖች ከብሮውዘሩ ጋር ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ ሁለቱም ዓምዶች ዜሮ ላይ ዋሉ።