የዓሣ መኖ ምን ያህል እንደሚፈጭ የምለካበት መንገድ

ዓሣ የጣለውን ኩስ ከውኃ ውስጥ አንድም ሳይቀር ሰብስቦ መመዘን አይቻልም። ስለዚህ የምሠራው በጠቋሚ ነው። ዓሣው የማይፈጨው፣ አንጀቱም የማይመጥጠው ዱቄት ከመኖው ጋር ይቀላቀላል። ሌላው ንጥረ ነገር ሲመጠጥ የጠቋሚው ድርሻ በኩሱ ውስጥ ከፍ ይላል፤ ከፍ ያለበት መጠን ምን ያህሉ እንደተፈጨ ያሳያል። ብዙ ሰው የሚፈራው የቤተ ሙከራውን ሥራ ነው። ውጤቱ የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በፊት፣ ጠቋሚው ሲቀላቀልና ኩሱ ሲሰበሰብ ነው።

ለጠቋሚነት ክሮሚክ ኦክሳይድ የሚባለውን አረንጓዴ ዱቄት በ0.5 በመቶ፣ ማለትም ለ1 ኪሎ መኖ 5 ግራም እጠቀማለሁ። 5 ግራሙን በቀጥታ በኪሎው ላይ መበተን አይበጅም፤ መጀመሪያ ከ50 ግራም የላመ ዱቄት ጋር፣ ከዚያ ከ200 ግራም ጋር፣ በመጨረሻ ከቀሪው ጋር አዋህደዋለሁ። ጥሬ ዕቃዎቹ ሁሉ አስቀድመው 0.5 ሚሊ ሜትር ወንፊት ማለፍ አለባቸው። ፔሌቱ (ተጨምቆ የተሠራው የመኖ እንክብል) ከደረቀ በኋላ ከጆንያው አናት፣ ከመሃሉና ከታቹ ናሙና ወስጄ ክሮሚየሙን እለካለሁ። ሦስቱ ካልተቀራረቡ መኖው ለዓሣ አይቀርብም፤ እንደገና ይደባለቃል።

ፔሌቱ ውኃ ውስጥ እንዳይፈርስም እፈትነዋለሁ። የፈረሰ መኖ ብናኝ ከኩሱ ጋር ኩሱ ወደሚጠራቀምበት ከታንኩ ሥር ወዳለው ማዝቀጫ ቱቦ ይወርዳል። የብናኙ ጠቋሚ መጠን የመኖው ስለሆነ የናሙናውን ድርሻ ዝቅ ያደርገዋል፤ መኖው ከእውነቱ ይልቅ የማይፈጭ መስሎ ይታያል።

ለአንድ መኖ ቢያንስ ሦስት ታንክ እመድባለሁ። ለስሌት የሚቆጠረው ታንኩ እንጂ ዓሣው አይደለም፤ በአንድ ታንክ 20 ቆሮሶ (ቲላፒያ) ቢኖርም አንድ መረጃ ብቻ ነው። የታንኩ ወለል ወደ መሃል ያዘቀዘቀ፣ ከሥሩ ማዝቀጫ ቱቦ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ዓሦቹ አዲሱን መኖ ለ7 ቀን ይለምዳሉ። በዚህ ጊዜ ኩሱ አረንጓዴ ይሆናል፤ ካልሆነ አልበሉም ማለት ነው።

ከመጨረሻው ምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተረፈውን መኖ አውጥቼ ታንኩንና ቱቦውን እጠርጋለሁ። ኩሱን ጠዋት እሰበስባለሁ፤ የቱቦው ማጠራቀሚያ ጠርሙስ በበረዶ ተከቦ ያድራል። በረዶው ባክቴሪያን ያዘገያል፣ የኩሱ ንጥረ ነገር በውኃ መሟሟቱን ግን አያስቀርም። የቆሮሶ ኩስ ልፋጭ የለበሰ ክር ስለሆነ ይህን ይቋቋማል። ወዲያው የሚበተን የሌሎች ዝርያዎች ኩስ ግን በአጭር ጊዜ ልዩነት መሰብሰብ ይኖርበታል።

ሟሟት ምን እንደሚያደርግ በቁጥር እንየው። መኖው 0.50 በመቶ ጠቋሚና 32 በመቶ ፕሮቲን፣ ኩሱ 1.60 በመቶ ጠቋሚና 16 በመቶ ፕሮቲን ቢኖራቸው፣ ሁሉም በደረቅ ክብደት፣ የተፈጨው ፕሮቲን፣

100 × [1 − (0.50 ÷ 1.60) × (16 ÷ 32)] = 84.4 በመቶ።

ከዚያው ኩስ ፕሮቲን ሟሙቶ 14 በመቶ ቢቀርና ጠቋሚው ወደ 1.70 ቢወጣ ውጤቱ 87.1 ይሆናል። መኖው አልተሻለም፤ ውኃው ነው የወሰደው። ዓሣውን አደንዝዞ ሆዱን በመጫን ኩስ ማስወጣት ደግሞ ተቃራኒ ስሕተት አለው፦ ገና ያልተመጠጠ ምግብ፣ ልፋጭና ሽንት አብረው ስለሚወጡ ቁጥሩ ይወርዳል። በሁለት ዘዴ የተገኙ ውጤቶችን በአንድ ሰንጠረዥ ማወዳደር ስለዚህ ተገቢ አይደለም።

ኩሱን ከቅርፊትና ከመኖ ፍርፋሪ አጽድቼ በ−20 ዲግሪ አቆየዋለሁ፤ ከዚያ ደርቆ ይላማል። ፕሮቲን ናይትሮጂንን በሚለካው የኬልዳል ዘዴ (ናይትሮጂን × 6.25)፣ ክሮሚየም በአሲድ ከተሟሟ በኋላ በ350 ናኖ ሜትር የብርሃን ሞገድ ይነበባል። እዚህ ላይ አደጋ አለ፦ ናይትሪክ አሲዱ ኦርጋኒኩን አቃጥሎ ሳይጨርስ ፐርክሎሪክ አሲድ ከተጨመረ ሊፈነዳ ይችላል። ለፐርክሎሪክ ተብሎ በተሠራ ጢስ መሳቢያ ውስጥ ካልሆነ ይህ ሥራ አይጀመርም። እሱ ከሌለ ኢትሪየም ኦክሳይድ የተባለውን ሌላ ጠቋሚ መርጦ ናሙናውን ወደሚለካ ቤተ ሙከራ መላክ ይሻላል።

አንድን ጥሬ ዕቃ ለብቻው ለመመዘን 70 በመቶ መነሻ መኖ (መፈጨቱ ለብቻው የተለካ መኖ) ከ30 በመቶ ዕቃው ጋር ይቀላቀላል። የመነሻው ፕሮቲን 32፣ የአኩሪ አተር ፋጉሎው 45 በመቶ ነው እንበል። የመነሻው ፕሮቲን 88 በመቶ፣ የቅልቅሉ 86 በመቶ ከተፈጨ፣ የፋጉሎው፣

86 + (86 − 88) × (0.7 × 32) ÷ (0.3 × 45) = 82.7 በመቶ።

ቅልቅሉ 86 ሳይሆን 85 ቢነበብ ፋጉሎው ወደ 80.0 ይወርዳል፤ የአንድ ነጥብ ስሕተት ወደ 2.7 ነጥብ አደገ ማለት ነው። ፕሮቲኑ አነስተኛ በሆነ ዕቃ ላይ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፣ አካፋዩ ስለሚያንስ። ከ100 በላይ የሆነ ውጤት ሲመጣም ወደ 100 ዝቅ አድርጌ አልጽፈውም፤ መጀመሪያ የጠቋሚውን ቅልቅል፣ ቀጥሎ ኩሱ ውኃ ውስጥ የቆየበትን ሰዓት እመረምራለሁ።