ከግራ ወደ ቀኝ

«በከፊል» የምትለውን ቃል አልወዳትም። የቡድን ፎቶ ባየሁ ቁጥር ሥሩ ላይ ትጠብቀኛለች፦ «የትምህርት ቤቱ ሠራተኞች በከፊል»። እነማን ናቸው? በከፊል። ስማቸውስ? እሱም በከፊል።

የ2011 ተመራቂዎች መጽሔት ሲዘጋጅ የፎቶ መግለጫው ለእኔ ተሰጠኝ። የአማርኛ መምህር ስለሆንኩ። ላስት ወርዱን ኮሚቴ ውስጥ ያሉት ተማሪዎች ያዙት፤ እሱ የራሱ ጣጣ አለው፣ ይቅር።

ልጆቹን ሰብስቤ ሰበክኳቸው። ፎቶው የሚያሳየውን መልሳችሁ አትጻፉ፣ የማያሳየውን ጻፉ አልኳቸው። አንዷ ከሰልፍ ፎቶ ሥር «ተማሪዎች ባንዲራ ሲሰቅሉ» ብላ አመጣች። ይሄማ ይታያል፣ የዚያን ቀን ምን ነበር? አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ጭጋግ ነበር። ከኋላ የነበርነው ባንዲራውን ሳናየው ነው የዘመርነው» አለች። በቃ እሱን ጻፊ! የደሴን ጠዋት የሚያውቅ ሰው ያቺን መስመር ሳያነብ አያልፍም።

ስም ደግሞ ባለቤቱ በእጁ ይጽፋል አልኩ። አንድ ክፍል ውስጥ መሐመድ፣ ሙሐመድ እና ሙሃመድ አሉን። ሦስቱም ትክክል ናቸው፣ ሦስቱም ቢሳሳትባቸው ይቀየማሉ። ይሄ ሳይበቃኝ ወደ ታሪክ ገባሁ። በ1928 ደሴ በጣሊያን አውሮፕላን ስትደበደብ ጃንሆይ ራሳቸው መትረየስ ይዘው የተነሱት ፎቶ አለ። ቦታውና ዓመተ ምሕረቱ ከሥሩ ባይጻፍ አንድ ሰውና አንድ መሣሪያ ነው አልኳቸው። ጥሩ ተናግሬ ነበር። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበርኩ።

የሠራተኞቹ ፎቶ ላይ ስንደርስ ርዕሰ መምህሩ «በከፊል» ትግባ አሉ።

«ለምን?»

«ያልተነሳው እንዳይቀየም ነዋ። በከፊል ካልክ፣ የቀረው ሰው በሌላው ከፊል ውስጥ አለ።»

መልስ አጣሁላቸው። ግን እምቢ አልኩ። አሥራ አንድ ሰው ነን፣ አንድ መስመር ነው፣ ሁሉም ስሙና የሥራ ድርሻው ይጻፍለት ብዬ ድርቅ አልኩ። «ከግራ ወደ ቀኝ» ብዬ ጀመርኩና ከበሩ ጥበቃ ተነስቼ፣ ዘግይተው መጥተው ጫፍ ላይ እስከቆሙት ምክትል ርዕሰ መምህር ድረስ አንድም ሳላስቀር ዘረዘርኩ።

ፕሩፉ፣ ማለትም ከመታተሙ በፊት የሚታየው ናሙና ሲመጣ፣ እኔ ፈተና እያረምኩ ነበር። ርዕሰ መምህሩ አዩት፣ «ይታተም» ብለው ፈረሙ።

መጽሔቱ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ የሀረጎን አቀበት ወጥቶ የደረሰ ዕለት የመጀመሪያውን ቅጂ ለጥበቃችን ሰጠኋቸው። ስማቸው ታትሞ አያውቅም ብዬ ነው። መነጽራቸውን አደረጉ። ገጹን ከፍተው ብዙ ቆዩ።

«ቲቸር፣ ይሄ ጦሳ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«እዚህ ምን አመጣው?»

አልገባኝም። ተነስተው ፎቶው የተነሳበት ቦታ ላይ ወስደው አቆሙኝና በእጃቸው አሳዩኝ። «ጦሳ ያውና። በዚያኛው በኩል አዝዋ ገደል ነው። ወላሂ፣ ተራራውን አዙራችሁታል።»

ያኔ አየሁት። ሁላችንም ነጭ ጋውን ለብሰናል፤ የሁላችንም የደረት ኪስ በቀኝ በኩል ሆኗል። ፎቶው ተገልብጧል። ስሞቹ ግን እንዳስቀመጥኳቸው አሉ። እኔ የስፖርት መምህር ሆኛለሁ። ምክትሉ በር ጠባቂ ሆነዋል።

ጋሼ በጣታቸው እየተከተሉ የራሳቸው ፊት ጋ ደረሱ። ቀስ ብለው አነበቡ።

«ምክ-ትል ርዕ-ሰ መም-ህር።» ቀና አሉ። «ደሞዙስ አብሮ ይመጣል?»

እሳቸው ይስቃሉ። እኔ ላብ አሰመጠኝ።

ዲዛይነሩ ጋ ደወልኩ። ምንም አልደነገጠም። «ፀሐይ ሽሽት ሁላችሁም ወደ ግራ ታያላችሁ፤ ፎቶው ደግሞ ያረፈው በግራው ገጽ ላይ ነው። ሰው ከመጽሔቱ ወደ ውጭ ሲያይ ያስጠላል፣ ገለበጥኩት» አለኝ። ሕጉ ልክ ነው፣ እሱን አልክድም። ግን ስም ያለበት ፎቶ አይገለበጥማ! «እና ፕሩፍ ለምን ላክሁ?» አለ።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ፕሩፉን የፈረመውን ሰው ነገር ግን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ደረስኩበት። ፎቶ ሲገለበጥ መሐል ያለ ሰው አይነቃነቅም። ርዕሰ መምህሩ ከአሥራ አንዱ ስድስተኛ ናቸው። የራሳቸው ስም ከራሳቸው ሥር ነበር። የሚፈልጉትን አገኙ፣ ፈረሙ።

መፍትሔውንም ያመጣው ያው ዲዛይነር መሆኑ አናደደኝ። ስሞቹን መንካት አያስፈልግም፣ «ከግራ ወደ ቀኝ» የሚለው ላይ «ከቀኝ ወደ ግራ» የሚል ስቲከር ለጥፉበት አለ። ሦስት ቃል። አሥራ አንዱም ወደየቦታቸው ተመለሱ። ጦሳ ብቻ በተሳሳተው በኩል ቀረ።

ሁለት ከሰዓት ሙሉ ከልጆቹ ጋር ስንለጥፍ ዋልን። ባንዲራውን ያላየችው ልጅ አጠገቤ ነበረች። «ቲቸር፣ በከፊል ብንለው ኖሮ እኮ...» ብላ ጀመረች።

«ለጥፊ» አልኳት።

በመጨረሻ ስቲከሯን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ። ጋሼ መጽሔቱን ጋቢያቸው ውስጥ አስገብተውታል።

«ይስጡኝ ጋሼ፣ ላስተካክልልዎ።»

«የኔን ተወው» አሉ። «ልጄ እስክታየው ድረስ።»