ግፊት ለመለካት መጀመሪያ ወንበር

የመጀመሪያው ወር ላይ የአዳማ ሰው በሙሉ የደም ግፊት ያለበት መስሎን ነበር።

ለምንም ይምጣ ለምን፣ ወደ ጤና ጣቢያችን ከመጣው ዕድሜው 30 የሞላውን ሁሉ ካርድ ካወጣ በኋላ ግፊቱን እንለካ ጀመር። ሀሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት ከ30 እስከ 79 ዓመት ካሉት ውስጥ 1.28 ቢሊዮን ሰው ግፊት አለበት፤ 46 በመቶው ደግሞ እንዳለበት አያውቅም። ይህን በሥልጠና ላይ ሰምቼ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌው ነበር፤ ጽፌም ረስቼዋለሁ። ያነሳሳኝ አንድ ካርድ ነው። አርባዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት፣ አፉ ተጣሞ በባጃጅ አመጡት። ወደ ሆስፒታል ከላክነው በኋላ ካርዱን ገለጥኩ። በዚያው ዓመት 3 ጊዜ ለጨጓራ እኛ ጋ መጥቷል። 3 ጊዜም የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቶታል። የግፊት ቁጥር አንድም ቦታ የለም። ከ3ቱ በአንዱ ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው።

እንግዲህ በዚያ ንዴት ነው የተነሳሁት፤ በንዴት የተጀመረ ሥራ ደግሞ ይቸኩላል። በየቀኑ 150፣ 160 እየጻፍን "ይኸው፣ ተደብቆ የኖረውን አገኘነው" እንባባል ነበር። ሁዳዴ ገባ። ከመናኸሪያው ጀርባ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት ለጉልበታቸው መጥተው 158 በ96 አገኘንባቸው፤ በዚያው ቀን አምሎዲፒን የሚባለው የግፊት መድኃኒት፣ 5 ሚሊግራም፣ ተጻፈላቸው። በሳምንቱ ልጃቸው ደግፋ አመጣቻቸው። ምጣድ ዳር ቆመው ሳለ ወድቀዋል። ለካሁ፤ 98 በ60። በዚያ ሙቀት እስከ 9 ሰዓት ውሃ እንኳ አልቀመሱም። ልጅቱ አልጮኸችም፤ "ሲስተር፣ እናቴ እኮ ደህና ነበረች" ብቻ አለች።

መድኃኒቱን አስቆምን። በሌላ ሁለት ቀን አስቀምጠን ስንለካቸው 128 እና 126 ነበሩ። ለካ 158 ባገኘንባቸው ዕለት ከገበያ ጤፍ ተሸክመው በፀሐይ ነው የመጡት።

ከዚያ ግማሽ ቀን ምንም ሳልሠራ መለኪያው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜ አየሁ። መደገፊያ የሌለው አግዳሚ፤ እግር የተቆላለፈ፤ ክንዱ በአየር ላይ የተንጠለጠለ፤ በሹራብ ላይ የታሰረ የመለኪያ ጨርቅ፤ እየለኩ "ስንት ልጅ አለዎት?" የሚል ነርስ። ለቀጭኑም ለወፍራሙም ያለን ጨርቅ አንድ ነው፤ ለወፍራም ክንድ ሲጠብ ቁጥሩ ያለአግባብ ከፍ ይላል። ሽንቱን ይዞ የቆመ፣ አሁን ቡና ጠጥቶ የመጣ፣ ሁሉም በዚያው ይለካል። መዝገቡን ሳየው ደግሞ አፈርኩ። ቁጥሮቹ ከጥቂቶቹ በቀር በ0 ያልቃሉ። መለኪያው በ2 በ2 ነው የሚነበበው፤ የሁሉ ሰው ግፊት 140፣ 150፣ 160 ላይ ብቻ ሊያርፍ አይችልም። እየገመትን ነበር የምንጽፈው።

ከስብሰባ አዳራሹ መደገፊያ ያላቸው 5 ወንበሮች አመጣሁ። (ለማን እንዳስፈረምኩ አትጠይቁኝ።) አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፣ "ወረፋው በር ድረስ ደርሷል፣ አንቺ ደግሞ ሰው አስቀምጠሽ ታስተኛለሽ" አለችኝ፤ እውነቷን ነበር። መፍትሔው ወረፋው ራሱ ውስጥ ተገኘ። ካርድ ያወጣ ሰው ድሮ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ ወንበሮቹን ጥላው ሥር በተርታ ደረደርናቸውና ተቀምጦ መጠበቅ ጀመረ። ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው ሲሸጋገር 5 ደቂቃው ይሞላል። የመጨረሻው ወንበር ጠረጴዛ አለው፤ ክንድ በልብ ትክክል ያርፋል፣ እግር መሬት ይነካል፣ እጅጌ ይወልቃል፣ ወሬ የለም። ሁለት ጊዜ ይለካል። 140 በ90 ወይም በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ተመልሶ ይመጣል እንጂ በዕለቱ መድኃኒት አይጀምርም። 180 በ110 የደረሰ ግን ቀጠሮ የለውም፤ ቀጥታ ወደ ሐኪም። ሰፊ ጨርቅም በስንት ልመና አንድ ተገዛልን።

የታማሚዎቹ ብዛት ወረደ። ወርሃዊ ሪፖርት ላይ "ለምን ቀነሰ?" ተብዬ ተጠየቅሁ። ያንን ስብሰባ ማስታወስ አልፈልግም።

ልኬቱ ከተስተካከለ በኋላ ሌላው ጉድ ወጣ። ግፊት እንዳለባቸው በትክክል የለየናቸው ሰዎች ሁለተኛና ሦስተኛ ወር ላይ ይጠፋሉ። መዝገቡን በስም ተራ ስለያዝነው ማን እንደቀረ አይታይም ነበር፤ በቀጠሮ ቀን ለወጥነውና በሳምንት ውስጥ ላልመጣ ሰው መደወል ጀመርኩ። ሰነፎች ናቸው ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ሁሉም ግን ምክንያት አለው። "ወረደ አላችሁኝ እኮ፣ ተሻለኝ ብዬ ተውኩት" የሚለው ብዙ ነው፤ ያንን እኛው ነን ያስተማርነው። አንዱ በአምሎዲፒን ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ኩላሊቴ ነው ብሎ ደንግጧል። ሌላዋ በሌላው የግፊት መድኃኒት፣ በኢናላፕሪል፣ ደረቅ ሳል ይዟት 2 ጊዜ ሽሮፕ ገዝታለች። ጠበል የገቡ አሉ። ከጠበልና ከክኒን ምረጡ ማለት ትቼ፣ ሁለቱንም ይዛችሁ ቀጥሉ፣ ቁጥሩን አብረን እንየው ማለት ጀመርኩ፤ ይህ ከሠራኋቸው ሁሉ የቀለለውና የጠቀመው ነው። ለጾመኞችም፣ ሁዳዴም ይሁን ረመዳን፣ በቀን አንዴ የሚዋጠውን ክኒን በሐኪሙ ፈቃድ ወደ ማታ አዞርነው።

ያልተሳካልኝ የጨው ነገር ነው። በቀን ከ5 ግራም በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ማለት ነው፣ እያልኩ ጠዋት ጠዋት አስተምራለሁ። ወጡ የሚሠራው ለቤተሰቡ በአንድ ድስት ነው፤ ቡናን በጨው የሚጠጡም አሉ። ያዳምጡኛል፣ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ ይሄዳሉ።

ስለ ሾፌሮቹ ሳልናገር አላልፍም። አዳማ የጅቡቲ መንገድ ከተማ ናት፤ ከባድ መኪና የሚነዱት እየተለኩ ይገኛሉ፣ በወሩ ቀጠሮ ግን አይገኙም። ሽንት የሚያበዛውን የግፊት ክኒን ደግሞ መሪ የያዘ ሰው እንዴት ይዋጠው? አንዱ "ሲስተር፣ በረሃ ላይ በየት በኩል ነው የምቆመው?" ብሎኛል። ለእነሱ ሐኪሙ መድኃኒቱን ቀየረ፤ ግፊታቸው ለረጋውም የ3 ወር ክኒን በአንዴ እንዲሰጥ ጠየቅን። ፋርማሲው አልዋጥልህ አለው፤ መድኃኒት በየ2 ወሩ የሚጠየቀው ባለፈው በወጣው መጠን ነው። ያለቀበት ወር ደግሞ ትንሽ የወጣ ይመስላልና ቀጣዩም ትንሽ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ጥያቄውን ስንጽፍ መዝገቡ ላይ ያለውን ሰው ቆጥረን እናያይዛለን። አሁንም አልፎ አልፎ ያልቃል፤ እንደ ድሮው ግን አይደለም።

ባለፈው ሳምንት አንዱ ሾፌር ከሚሌ ደወለ።

"ሲስተር፣ ፋርማሲ ተለካሁ፣ 156 አሉኝ። ክኒኑን እጥፍ ላድርገው?"

"ስንት ሰዓት ነዳህ?"

"ከአዋሽ ነው ሳልቆም።"

"ጫትስ?"

ዝም አለ።

"ምንም እንዳትጨምር። ነገ ጠዋት ሳትቅም፣ ቡና ሳትጠጣ፣ 5 ደቂቃ ተቀምጠህ ድገመው።"

"ነገ ጠዋትማ ጅቡቲ ነኝ።"

"እዚያም ወንበር አይጠፋም" አልኩት።