ፓርኪንጉ አጠገብ ያለው ሜፕል

ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ጓደኞቼ የጸደይ የተፈጥሮ ትምህርት ለመጀመር ከየት እንደሚነሱ ይጠይቁኛል። ጫካ ፍለጋ መኪና ማስነሳት አያስፈልግም ባይ ነኝ። እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከፓርኪንጋችን አጠገብ ሬድ ሜፕል የሚባል አንድ ዛፍ አለ፤ የዘንድሮው ሳይንሳችን እሱ ነው።

ሜፕል ቅጠል ሳያወጣ ነው የሚያብበው። ማርች ላይ፣ እኛ ገና ካፖርት ሳናወልቅ፣ ቅርንጫፉ ቀላ ቀላ ይላል። ነፋስ የጣለውን ቀንበጥ አንስተን በአጉሊ መነጽር አየነው፤ ቀጫጭን ቀይ ክሮች፣ ከሥራቸው ደግሞ ገና መውጣት የጀመሩ ሁለት ክንፎች። ትንሹ "ማሚ፣ ይሄም አበባ ነው እንዴ?" አለኝ። አይፈረድበትም፤ እሱ የሚያውቀው ሱፐርማርኬት በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ነው። ክንፎቹ የዛፉ ፍሬ ናቸው፤ አሁን ኤፕሪል ማለቂያ ላይ አድገው ተንጠልጥለዋል፤ ሜይ ላይ እየተሽከረከሩ ይወርዳሉ። መንገድ ማዶ ያለው ሜፕል ግን ፍሬ የለውም። ለምን እንደሆነ ወዲያው አልነገርኳቸውም። ብናኝ ብቻ የሚሰጥ ወንዴ ዛፍ መሆኑን ትልቋ ራሷ ደረሰችበት።

ደብተሩ ላይ ቀኑ፣ የአየሩ ሁኔታ፣ አንድ ሥዕልና አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ትልቋ በእንግሊዝኛ ትጽፋለች፤ ትንሹ በአማርኛ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፍለታለሁ። ሥዕል አላርምም። ሜሪላንድ ውስጥ ቤት የሚያስተምር ወላጅ የልጆቹን ሥራ አሰባስቦ ማሳየት አለበት፣ ሳይንስም ከሚጠየቁት አንዱ ነው። ቀን የተጻፈበት ደብተር፣ ለእኔ፣ ከክምር ዎርክሺት ይሻላል።

ሣሩ ደግሞ በዳንዴሊዮን ቢጫ ሆኗል። ጎረቤት መድኃኒት ይረጭበታል፤ እኛ አንዱን ቀጥፈን ነጭ ወረቀት ላይ በተንነው። አንድ አበባ የሚመስለው ለካ የብዙ አበቦች ስብስብ ነው! እያንዳንዷ ቢጫ ዘንግ ራሷን የቻለች አበባ ናት፤ ጫፏ ላይ አምስት ጥርስ፣ መሃሏ ላይ ለሁለት ተከፍሎ የተጠቀለለ ክር አላት። ትልቋ ልትቆጥር ጀምራ ሰለቻት። የእኛ አደይ አበባም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ለእናቴ ደውዬ ብነግራት "እሰይ፣ እዚያም ዘመድ አገኛችሁ!" ብላ ሳቀች።

ቀጥሎ ስላይጎ ክሪክ ወደሚባለው ወንዝ እንወርዳለን። እዚያ ግን መዥገር አለ፤ ከሜይ ጀምሮ የምትወጣው ትንሿ መዥገር ከጤፍ ፍሬ እምብዛም አትበልጥም፣ ላይም የሚባለውን በሽታም ታስተላልፋለች። ስለዚህ ሱሪ ካልሲ ውስጥ ይገባል፣ ቤት ስንመለስ ብብትና ከጆሮ ጀርባ ይፈተሻል። ከአንድ አገዳ ሦስት ሦስት ሆኖ የወጣ ቅጠልም አይነካም፣ ፖይዝን አይቪ የሚባለው ቆዳ የሚያሳክክ ተክል ሊሆን ይችላል። ረጃጅሞቹ ካልሲዎች ቅዳሜ ይደርሳሉ ተብሏል፤ ከደረሱ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እንሄዳለን።