በጀሪካን የበቀለ ዳማከሴ፦ ከደሴ ግቢያችን

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ? የጀመርኩት ሥራ የት እንደደረሰ ላካፍላችሁ መጣሁ።

አዲስ ለሆናችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ከቤት የሚጣለውን ጀሪካን፣ ሃይላንድ፣ ጣሳና ማዳበሪያ (ጆንያውን ማለቴ ነው) መልሼ እጠቀማለሁ። በእነሱ ላይ ደግሞ ለቤት የሚሆን ቅጠል አበቅላለሁ። ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ጦስኝ፣ ኮሰረትና የጥብስ ቅጠል አሉኝ። ስጀምር ሐሳቤ ቆሻሻ መቀነስ ብቻ ነበር። አሁን የበለጠብኝ ሌላ ነው። ራሴ ተክዬ፣ ራሴ አጠጥቼ የቀጠፍኩት ቅጠል ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ደርቆና ተፈጭቶ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጥ ቅጠል ይህን ያህል አያስተማምንም።

የምኖረው ደሴ ነው፣ ጦሳ ተራራ ሥር። ከፍታው 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ብርዱን ታውቁታላችሁ። ግቢው የኪራይ ነው፤ መሬቱም ሲሚንቶ የፈሰሰበት ነው። ለእኔ ጀሪካኑ የተመቸኝ ለዚህ ነው። ቤት ብቀይር አትክልቴን ጭኜ እሄዳለሁ።

ከዕቃው ልጀምር። የሚሻለው ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ነው። አስተኝታችሁ ከጎኑ ብትቆርጡት ሰፊ ገበታ ይወጣዋል፤ ሥሩ ጥልቅ ላልሆነ ተክል፣ ለምሳሌ ለጦስኝ ይሆናል። አቁማችሁ አንገቱን ብትቆርጡት ደግሞ ጥልቅ ነው፤ ለዳማከሴና ለጥብስ ቅጠል ይስማማል። ታቹን በጋለ ወፍራም ሚስማር በደንብ ብሱት፤ ጢሱ ስለማይጠቅም ውጭ ሆናችሁ ሥሩ። ውሃ መውጫ ያጣ ተክል ሥሩ ይበሰብሳል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ። ጀሪካኑ ቀድሞ ምን እንደያዘ ሳይታወቅ አፈር አይግባበት። የተባይ መድኃኒት፣ የሞተር ዘይት ወይም የባትሪ አሲድ የነበረበት ለምግብም ለመድኃኒትም ተክል አይሆንም። የተባይ መድኃኒት ወደ ፕላስቲኩ ውስጥ ስለሚሰርግ ደጋግመው ቢያጥቡትም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ከልዋጭ ልጆች ወይም ከሰኞ ገበያ ስትገዙ ጠይቁ፣ አሽትቱ፤ ጥርጣሬ ካለ ተዉት።

ሃይላንዱ ብዙ ሙያ አለው። ግማሹን ቆርጬ ታችኛውን ለችግኝ አደርገዋለሁ። ላይኛው ግማሽ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጊዜ የለጋ ችግኝ መድፊያ ይሆናል። ማታ ክዳኑን እዘጋለሁ፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ እከፍተዋለሁ፣ አለዚያ ችግኙ ውስጥ ውስጡን ይቀቀላል። ቀን ፀሐይ ሲሞቀው በሚውለው የድንጋይ ግድግዳ ጥግ ያስቀመጥኳቸው ደግሞ ያለ ምንም ሽፋን ውርጩን አልፈውታል። ግድግዳው የቀን ሙቀቱን ሌሊት ቀስ እያለ ስለሚለቀው ነው።

ቧንቧ ሲጠፋ የሚቀዳ ውሃ ላላችሁም ሃይላንድ ይጠቅማል። ግልጽ የሆነ፣ ያልተጫጫረ፣ ከ2 ሊትር ያልበለጠ ጠርሙስ ላይ ያልደፈረሰ ውሃ ሞልቶ ለ6 ሰዓት ጠራራ ፀሐይ ላይ ማስተኛት ብዙውን ተቅማጥ አምጪ ጀርም ይገድላል። ሰማዩ ከደመነ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ድፍርስ ውሃ ላይ ግን አይሠራም፤ መጀመሪያ መጥለል አለበት።

አፈሩ ቀላል ነው። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ። ብስባሹን በአሮጌ ማዳበሪያ ውስጥ አዘጋጃለሁ፤ የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ደረቅ ቅጠልና ጭድ እያፈራረቅኩ። ሥጋና ቅባት አይገባም፤ አይጥ ይጠራል። አመድ ጥቂት ብቻ ነው የምጨምር።

አሁን ወደ ቅጠሎቹ። ልቤ ያለው ጦስኝ ላይ ነው። በአገራችን ሁለት ዓይነት ጦስኝ ይበቅላል፤ ሁለቱም የዚሁ ደጋ ተወላጆች ናቸው። ያ ሽታው የሚመጣው ቲሞልና ካርቫክሮል ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች ነው። እርጥብ አይወድም፤ ፀሐይና አሸዋ ይወዳል። ስለዚህ ለእሱ አሸዋውን ከግማሽ በላይ አድርጌዋለሁ። የተከልኩትም ከነሥሩ ከተከፈለ ቁጥቋጦ ነው። ገበያ ላይ ከነሥሩ እየተነቀለ የመጣ ጦስኝ ሳይ ያንገበግበኛል። ሥሩ ከተነቀለ ያ ቦታ ለከርሞ ምን ያበቅላል? ከላይ ከላይ ቢቆረጥ ይተካል። ወደ ደጋ የምትወጡ ሰዎች እባካችሁ ማጭድ ወይም መቀስ ያዙ።

ማድረቂያዬ አሮጌ ሰፌድ ነው። ጥላ ሥር፣ ነፋስ ባለበት። ፀሐይ ላይ ከደረቀ ሽታው ይበናል፤ ሽታው ሲበን ጥቅሙም አብሮ ይሄዳል። ከደረቀ በኋላ በማር ወይም በቡና ብርጭቆ ማሰሮ እከድነውና የቅጠሉን ስምና የደረቀበትን ወር ጽፌ እለጥፋለሁ። ያልተጻፈበት ደረቅ ቅጠል ሁሉ አንድ ይመስላል፤ በተለይ ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዳማከሴው በጣም ደልቶታል። ከጎረቤታችን፣ ከአንዲት እናት፣ በቅርንጫፍ ነው ያገኘሁት። እሳቸው «አንች ልጅ፣ ዳማከሴ ፀሐይ ሳይመታው ነው የሚቀጠፍ» ይሉኛል፤ እኔም በጠዋት እቀጥፋለሁ። ምች ሲመታ እንደምናውቀው ቅጠሉ ታሽቶ ጭማቂው በቡና ይጠጣል፣ ግንባርና ፊት ይቀባል። አይጥ ላይ በተሠሩ ጥናቶችም ትኩሳት እንደሚያበርድ ታይቷል። በቤት ስንጨምቀው ግን በልክ አይደለም። ስለዚህ ለትልቅ ሰው ጥቂት ጠብታ እንጂ በሲኒ ሙሉ አልሰጥም፤ ለሕፃን ጭራሽ አላጠጣም።

እዚህ ላይ ወሎ ላለን ሰዎች የምለው አለኝ። ደሴ ብርድ ስለሆነ ወባ አይታሰበንም። ግን ለሥራም ለገበያም ቆላ እንወርዳለን። ኮምቦልቻ፣ ሐርቡ፣ ከሚሴና ባቲ ወባ አለ፤ ከክረምቱ መውጣት በኋላ ባሉት ወራት ደግሞ ይብሳል። ወባ ወዲያው አይነሳም። ከባቲ ሰኞ ገበያ የተመለሰ ሰው ትኩሳት የሚጀምረው ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ሊሆን ይችላል። ያኔ ጉዞው ይረሳና «ምች ነው» ይባላል። ዳማከሴው ለጥቂት ሰዓት ካቀለለው ደግሞ ሰውየው ተሻለኝ ብሎ ይተኛል። እባካችሁ፣ ቆላ ወርዶ የመጣ ሰው ትኩሳት ከያዘው መጀመሪያ ደሙ ይታይ። ከጣት የሚወሰድ ጠብታ ደም ነው፤ በየጤና ጣቢያው ይሠራል፣ ውጤቱም ቶሎ ይደርሳል። ዳማከሴው የትም አይሄድም።

ጤና አዳም ያለ ወሎ ቡና፣ የወሎ ቡናም ያለ ጤና አዳም አይሆንልኝም። አቦሉ ላይ አንዲት ጫፍ ጣል ስትደረግ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። በሲኒ ላይ ጣል ከማድረግ ያለፈውን ግን አልወድም። ጨምቆ መጠጣት ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው፤ ማኅፀን ያኮማትራል። ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ካገኘውም እንደ እሳት አቃጥሎ ውሃ ያስቋጥራል። ስገርዘው እጄን በአሮጌ ፌስታል እሸፍናለሁ፤ ከዚያም በሳሙና እታጠባለሁ። ልጆች አጠገቡ ሲጫወቱ ተጠንቀቁ።

ለጉንፋንና ለሳል ጦስኝ ከዝንጅብል ጋር አፍልቼ፣ በረድ ሲል ማር ጠብ አድርጌ እጠጣለሁ። ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ እንቅልፍም ይሰጣል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በምንም መልኩ አይሰጥም፤ ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ጀርም አለ፣ የሕፃን አንጀት አይችለውም። ሳሉ ሁለት ሳምንት ከደፈነ ደግሞ ሻዩ ይቁምና አክታ ይመርመር። ቲቢ በጊዜ ከተገኘ የሚድን በሽታ ነው።

ለተቅማጥ ቅጠል አልፈልግም። ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ አጥቤ ለኦአርኤስ (ሕይወት አድን ንጥረ ቅመም ለሚባለው) መለኪያ ብቻ ብዬ ለይቼ አስቀምጫለሁ። አንድ ከረጢት ለአንድ ሊትር ውሃ፣ በቃ። ከረጢቱ ቤት ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው እየተላገ። ጨው መብዛት የለበትም።

እንዶድም ጀምሬያለሁ፤ ለሕመም አይደለም፣ ለልብስ ነው። የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ ሲዘፈዘፍ አረፋው ነጠላን እንዴት እንደሚያነጣው እናቶቻችን ያውቁታል። ይህን ዕውቀት ዓለም ያወቀው በዶክተር አክሊሉ ለማ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ወንዝ ቁልቁል ቀንድ አውጣው ሞቶ አዩ። ያ ቀንድ አውጣ ቢልሃርዚያ የሚያዛምተው ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙበት። ቀንድ አውጣ የገደለ ውሃ ዓሣም ይገድላል። ስለዚህ እጣቢውን ወደ ወንዝ አልደፋም። ፍሬውንም ልጆች የማይደርሱበት ነው የማኖረው፤ ሲዋጥ መርዝ ነው።

የቀረኝ ፌስታል ነው። የሳሳውን ፌስታል የሚከለክል ሕግ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ ይበልጥ አጥብቆታል። ክረምት ሲመጣ ግን የየሰፈሩ ፌስታል ተጠራርጎ ወደ ቦርከና ሲወርድ አሁንም እናያለን። የሚያሳስበኝ ግን ከሰል ማቀጣጠያ መሆኑ ነው። ጢሱ መርዝ ነው፤ የሚተነፍሱት ደግሞ ምድጃው አጠገብ ያለችው እናትና ያዘለችው ልጅ ናቸው። የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በማዳበሪያ አጠራቅሜ በር ላይ ሰቅያለሁ፤ ቡና የሚያፈላ ሁሉ ከዚያ ይወስዳል። ሌላው ግኝት የማዳበሪያው ክር ነው። እኒያ ጎረቤታችን የተቀደደውን ማዳበሪያ ተርትረው፣ ክሩን አቅልመው ለስፌት ያውሉታል። እሳቸው ዘንድ ቁጭ ብዬ እየተማርኩ ነው፤ አክርማው አሁንም እጄን ይወጋኛል፣ ቢሆንም ትንሽ ሰፌድ ጀምሬያለሁ።

ለበልጉ ጠጅ ሳር ልሞክር አስቤያለሁ። የደሴ ብርድ የሚያስችለው አይመስለኝም። ከኮምቦልቻ ወይም ከሐይቅ በኩል ያላችሁ፣ ጉንቁል ካላችሁ በዳማከሴ ቅርንጫፍ እንለዋወጥ። ቅርንጫፉ በሃይላንድ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ከተጠቀለለ መንገዱን ይችላል። በከሚሴ ሙቀት ጦስኝ ያቆየ ሰው ካለም እንዴት እንደሚያጠጣው ይጻፍልኝ፤ አንዲት እዚያ ያለች ዘመዴ ደጋግማ እየጠየቀችኝ ነው።