ድመቷን ማን ነው የሚያበላት?

ወንጀል ያለበት መጽሐፍ እወዳለሁ፣ ግን ደም አልወድም። ጩቤ፣ ጩኸት፣ የታሰረ ሰው ካለበት ያን ቀን እንቅልፍ የለኝም። «ማን አደረገው? ለምን?» የሚለው ጥያቄ ግን ሲይዘኝ አይለቀኝም። ሁለቱን ያስታረቀልኝ ፈረንጆቹ ኮዚ ሚስትሪ የሚሉት የመጽሐፍ ዓይነት ነው። እዚህ ባሕር ዳር ሆኜ እንዴት እንደማነበውና ምን እንዳተረፍኩበት ልንገራችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ኮዚ ላይ ሰው ይሞታል፤ ግድያው ግን ዓይናችን ሥር አይፈጸምም። ቦታው ሁሉም ሰው የሚተዋወቅበት መንደር ወይም ትንሽ ከተማ ነው። ነገሩን የሚደርስበት ፖሊስ ሳይሆን ኬክ ጋጋሪ፣ ጡረታ የወጣች መምህርት ወይም የመጻሕፍት መደብር ባለቤት ነው። ቤት ውስጥ ድመት ወይም ውሻ አይጠፋም። መጨረሻ ላይ ጥፋተኛው ይያዛል፣ ሰፈሩም ይረጋጋል። አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ዓይነት ድርሰት ከ1989 ጀምሮ በየዓመቱ የሚሰጥ ሽልማት አለ። በእንግሊዛዊቷ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ በአጋታ ክሪስቲ ስም «አጋታ» ይባላል። አሸናፊው የሚሸለመው ምን መሰላችሁ? የሻይ ማንቆርቆሪያ ነው። ይህን ስሰማ ልቤ ጨርሶ ሄደ።

እርግጥ የምርመራና የስለላ ንባብ ለእኛ አዲስ አይደለም። የማሞ ውድነህ የስለላ ትርጉሞች ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ኖረዋል፤ እኔም አባቴ መደርደሪያ ላይ እያየኋቸው ነው ያደግኩት። ኮዚ ግን በአማርኛ እንደ ልብ ስለማይገኝ በእንግሊዝኛ ነው የማነበው። ከመጽሐፍ አዟሪዎች እገዛለሁ። ክምሩን በክንዳቸው ታቅፈው ካፌ ለካፌ የሚዞሩ ልጆች አሉ። የእንግሊዝኛው ልብ ወለድ ብዙ ጊዜ ከሥር ስለሚሆን ክምሩን ማስወረድ ግድ ነው። ሽፋኑ ላይ ድመት መስኮት ዳር ተቀምጣ፣ ከኋላዋ መጻሕፍት ተደርድረው ካያችሁ አገኛችሁት ማለት ነው። አንዱ አዟሪ ገና ከሩቅ ሲያየኝ «የድመት መጥቷል!» ይለኛል። ብር ሲያጥረኝ ስልኬ አለ። የመርማሪው የሸርሎክ ሆምስ ታሪኮች ፕሮጀክት ጉተንበርግ ከሚባለው ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳሉ። ኮዚ ባይባሉም አጫጭር ስለሆኑ ለመጀመሪያ ጥሩ ናቸው።

የእንስሳ ነገር የገባኝም ከእነሱ በአንዱ ነው። በ1892 የወጣው «ሲልቨር ብሌዝ» ላይ የእሽቅድምድም ፈረስ ሌሊት ከጋጣው ይጠፋል። ጋጣው ውስጥ ውሻ ነበር። ውሻው ምንም አላደረገም። ሆምስ የያዘው ይህንኑ ነው፤ ውሻው ካልጮኸ የመጣውን ሰው ያውቀዋል ማለት ነው። ግቢው ውስጥ ውሻ ላለው ሰው ይህ አይጠፋውም። የእኛው ለማያውቀው ሰው ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ወተት የምታመጣዋ ልጅ ስትመጣ ግን ጭራውን ነው የሚቆላው።

ድመትን በዚህ ዓይነት መጽሐፍ ካገነኑት አንዷ ሊልያን ጃክሰን ብራውን ናት። አሜሪካ፣ ዲትሮይት ከተማ ውስጥ ጋዜጣ ላይ የምትሠራ ጋዜጠኛ ነበረች። የገዛ ድመቷ ከፎቅ ወድቃ ስትሞትባት በሐዘኗ ስለ ድመት መጻፍ ጀመረች። የመጀመሪያው ልብ ወለዷ በ1966 ወጣ። እስከ 1968 ሦስት አደረሰች። ከዚያ 18 ዓመት ሙሉ ዝም። በ1986 ተመልሳ መጣችና ቁጥሩን 29 አደረሰችው። የእሷ ኮኮ የሚናገር ድመት አይደለም፤ ድመት የሚያደርገውን ነው የሚያደርገው። ያሸታል፣ ይቧጥጣል፣ ከመደርደሪያ መጽሐፍ ይጥላል። ትርጉም የሚሰጠው ባለቤቱ ነው። በእኔ ዓይን ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። ድመቷ እንደ ሰው የምታስብበትን አልገፋበትም።

አሁን አንድ መለኪያ አለኝ። መጽሐፉን ስጨርስ እንስሳውን በሐሳቤ አወጣዋለሁ። ያለ እሱም ምስጢሩ የሚፈታ ከሆነ ድመቷ ለሽፋን ጌጥ ነው የገባችው።

ንባቤን የለወጠው ግን የአክስቴ ቡና ነው። እትዬ እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ታሪክ ግን ነፍሳቸው ነው። ያነበብኩትን እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ላይ እተርክላቸው ጀመር። ቀስ በቀስ ሥርዓት ያዘ። አቦል ሲቀዳ ሟቹንና የሰፈሩን ሰዎች አስተዋውቃለሁ። ቶና ላይ ፍንጮቹን አንድ በአንድ አወጣለሁ። በረካ ከመቀዳቱ በፊት ዝም እላለሁ፣ የተሰበሰበው ሁሉ ተራ በተራ ይገምታል። ገዳዩን ሳይገምት በረካ የሚጠጣ የለም።

አንድ እሁድ ስለ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ እተርካለሁ። ሰውየው መደብሩ ውስጥ ከመሰላል ሥር ሞቶ ተገኝቷል። ወድቆ ነው ተባለ። ከሞተ ሁለት ቀን ሆኖታል፣ በሩ ተቆልፏል፣ ማንም አልገባም። ጎረቤቷ ስትደርስ ለድመቷ ዓሣ ታቀርብላታለች። ድመቷ አሽትታ ዞር አለችና ተኛች። እኔ ይህን እንደ ዘበት ተናግሬ አለፍኩ። እትዬ ጀበናውን አንስተው እየቀዱ ነበር። እጃቸው ቀጥ አለ።

«አንቺ ልጅ፣ ቆይ እስቲ። ሁለት ቀን ተዘግቶባታል አላልሽም?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንግዲያ ድመት ዓሣ እምቢ የምትለው ስትጠግብ ነው። ማን ነው ያበላት?»

ቤቱ ፀጥ አለ። የእህቴ ልጅ ፈንዲሻ አፏ ውስጥ እንዳለ «ቁልፍ ያለው ሰው!» ብላ ጮኸች። መጽሐፉ ውስጥ ያለችው መርማሪ እዚህ ለመድረስ ብዙ ምዕራፍ ፈጅቶባታል።

ከዚያ ወዲህ ማስታወሻ የምይዘው በሌላ መንገድ ነው። ፊቱ የጠቆረውን፣ ንግግሩ የሻከረውን አልመዘግብም። የሰዎችን የዕለት ልማድ ነው የምጽፈው። ሱቁን የሚከፍተው ማን ነው? ቁልፍ ያለው ማን ነው? ውሻውን በስንት ሰዓት ነው የሚያንሸራሽሩት? ድመቷን ማን ነው የሚያበላት? እንስሳ ሰዓቱን አክባሪ ነው። በልማዱ ላይ የሆነ ነገር ከተዛባ፣ አንድ ሰው ልማዱን አዛብቷል ማለት ነው።

ሁለተኛው የተማርኩት ነገር የተጠርጣሪዎቹን ስም ዝርዝር በጊዜ መዝጋት ነው። ሮናልድ ኖክስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ በ1929 ለምርመራ ድርሰት 10 ደንቦች ጽፎ ነበር። የመጀመሪያው ደንብ ጥፋተኛው ታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ የተጠቀሰ ሰው መሆን አለበት ይላል። ጥሩ ደራሲዎች ዛሬም ያከብሩታል። ስለዚህ የመጽሐፉ ሩብ ሲያልቅ ከስሞቹ በታች መስመር አሰምራለሁ። ከዚያ በኋላ የሚመጣ እንግዳ የቱንም ያህል ቢያስጠረጥር አልጨምረውም።

እንግሊዝኛው እንዳይከብዳችሁ ደግሞ ይህን ያዙ። የኬኩን፣ የመጋረጃውን፣ የአበባውን ስም ሁሉ መዝገበ ቃላት ላይ አትፈልጉ፤ ይለፋችሁ። ሦስት ነገር ግን እንዳያመልጣችሁ። መድኃኒት፣ መርዛም ተክልና ውርስ። ኮዚ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሰው የሚሞተው በመርዝ ነው፤ ደም ስለሌለው ይመቻል። አጋታ ክሪስቲ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒት ቅመማ ላይ ሠርታለች፤ የመርዝ እውቀቷ ከዚያ ነው የመጣው። ጠቡ ደግሞ ብዙ ጊዜ የውርስ ነው። ኑዛዜ፣ አደራ፣ የእንጀራ ልጅ የሚሉት ቃላት ካመለጧችሁ ታሪኩ አመለጣችሁ።

ኮዚ ውስጥ የመጻሕፍት መደብር ለምን እንደሚገባ ቆይቶ ነው የገባኝ። ምስጢር ለመፍታት የሚመች ቤት ነው። ዳኛውም፣ ቄሱም፣ ተማሪውም ይገባል። ሳይገዙ ብዙ ቢቆሙ ማንም አይጠይቅም። ባለቤቱ ማን ምን እንደሚያነብ፣ ማን ስለ መርዛም ተክል እንደጠየቀ ያውቃል። አሮጌ መጽሐፍ ደግሞ ራሱ ማስረጃ ነው። ከአዟሪ የገዛሁት አንድ መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጹ ላይ «ለውድ ጓደኛዬ፣ ማስታወሻ እንዲሆንሽ» የሚል ጽሑፍ አለው። ከሥሩ የሰጪው ስም በሌላ ቀለም ተሰርዟል። እስክሪብቶው ወረቀቱን እስኪበሳው ድረስ ነው የተጫነው። የእህቴ ልጅ ገጹን በመስኮት ብርሃን ላይ ይዛ ፊደሎቹን ለማንበብ ስትታገል ነበር። «ቀ» የምትመስል አንዲት ፊደል አግኝታለች።

«ቀላል ንባብ ነው» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ቀላል መሆኑን እወድለታለሁ። ኢንተርኔት በጠፋባቸው፣ በጊዜ ቤታችን በምንገባባቸው ወራት ዜናም ከባድ፣ ዝምታውም ከባድ ነበር። እነዚህ መጻሕፍት አንድ ሰው ሲሞት ሰፈሩ ሁሉ ለምን ብሎ የሚጠይቅበት ዓለም ናቸው። አንድም ሞት እንደ ዋዛ አይታለፍም። እኔና እትዬ ያን የመሰለ ታሪክ ያስፈልገን ነበር፤ አሁንም ያስፈልገናል።

ሲመቸኝ ጣና ዳር ወርጄ ነው የማነበው። ታንኳዎቹ ዓሣ የሚያወርዱበት አካባቢ ድመቶች አሉ። ከእህቴ ልጅ ጋር እያየናቸው ልማዳቸውን ለይተናል። ታንኳው ገና ሳይጠጋ ይሰበሰባሉ። ደግሞ የሚሰበሰቡት ለሁሉም አይደለም። ዓሣውን እየበለተ አንጀቱን የሚወረውርላቸው አንድ ሽማግሌ አሉ፤ እሳቸውን ከርቀት ይለያሉ። ሌላው ዓሣ አጥማጅ ሲመጣ ጆሯቸውን እንኳ አያነሱም።

ይህን ካየን በኋላ የራሳችንን ታሪክ በአማርኛ መጻፍ ጀምረናል። የመጻሕፍት መደብሩ ፔዳ አካባቢ ነው፣ ተማሪ የሚበዛበት። ሟቹ የዜጌ ቡና ነጋዴ ነው። ገዳዩ በሁለተኛው ምዕራፍ ብቅ ይላል፤ የኖክስን ደንብ አናፈርስም። ያልተስማማነው በእንስሳው ነው። ልጅቷ የጣና ዳር ድመት ትሁን ትላለች። እትዬ ደግሞ ውሻ ይሁን፣ ግን አልጋ ላይ የሚተኛ ውሻ ካስገባችሁ እኔ አልሰማም ብለዋል።