ከቡድኑ የወጣችው እናት

ደብረ ማርቆስ፣ እሑድ ማታ

ዛሬ ማታ መሳቢያውን ሳስተካክል ያ ሰማያዊ ደብተር እጄ ገባ። ከሽፋኑ ላይ በእስክሪብቶ «ሰንሰለት» ብዬ የጻፍኩበት፣ ማዕዘኖቹ የተጠቀለሉ ተራ የተማሪ ደብተር ነው። በውስጡ ከደጀን እስከ ፍኖተ ሰላም ያሉ የቡድናችን አባላት ስልክ ቁጥር በየወረዳው ተዘርዝሯል። የቢቸናውን ገጽ ስገልጥ እንደ ልማዴ ዐይኔ የሄደው እዚያ ባልተጻፈ ቁጥር ላይ ነው።

የስኳር ሕሙማንን ቡድን በቴሌግራም የከፈትኩት በ2013 ዓ.ም. ነው። ሲጀመር ሰባት ነበርን፤ የተዋወቅነውም በክትትል ክፍሉ ደጃፍ፣ ካርዳችን እስኪወጣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን በምንጠብቅበት ሰዓት ነው። ከመካከላችን አንዷ፣ ልጇ ኢንሱሊን ከጀመረ አንድ ወር እንኳ ያልሞላው የቆላ ሰው፣ «ፍሪጅ የሌለው ሰው ይህን ብልቃጥ የት ያኖረዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ በዚያን ጊዜ መርፌ መውጋት ከጀመርኩ አሥራ ሁለት ዓመት ስለሆነኝ የማውቀውን ነገርኳት፦ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ እርጥብ አሸዋ አድርጎ በመካከሉ ትንሽ ማሰሮ መቅበር፣ ብልቃጡን ውኃ እንዳይገባው በላስቲክ ጠቅልሎ በትንሿ ማሰሮ ውስጥ ማኖር፣ አፏን በራሰ ጨርቅ ሸፍኖ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ሥር ማስቀመጥ፣ አሸዋውንም ጠዋትና ማታ ማርጠብ። ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ የተከፈተ ብልቃጥም በዚህ ዓይነት ለአራት ሳምንት ያህል ያገለግላል። ሴትዮዋ የነገርኳትን ለእኅቷ በስልክ ስትደግመው አጠገቧ ያሉት ሁሉ ጆሯቸውን አቀኑ፤ ቡድኑን የከፈትኩት በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው።

አድሚን መሆን ከውጭ ለሚያየው ሰው ማስገባትና ማስወጣት ይመስላል። ቀላሉ ክፍል እርሱ ነው። «በሃያ አንድ ቀን ከስኳር የሚገላግል» ዱቄት በስልክ ቁጥሩ የሚለጥፍ ነጋዴ ሲመጣ ጣቴ አያመነታም፤ ሰውየውም ልቡ አይሰበርም፤ በሌላ ስም ተመልሶ ይመጣል። የሚከብደው ገንዘብ የማይፈልገው፣ ከልቡ አምኖ የሚጽፈው ሰው ነው። በተለይ ዐቢይ ጾም ሲገባ ጥያቄው ይበዛል፤ ጠዋት መርፌውን ወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ስኳሩ እንደሚወርድበት፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥና መወላከፍ ሲጀምረው ጾሙን መግደፍ እንዳለበት ስንቱን ጊዜ እንደጻፍኩት አላስታውስም። ለዚህ እንኳ የንስሐ አባቶች ረድተውናል፤ ለታመመ ሰው ጾም እንደማይጸና ከእኔ አንደበት ይልቅ ከእነርሱ ሲሰማ ሰው ይቀበለዋል።

በ2015ቱ ዐቢይ ጾም አንዲት የቢቸና እናት አንድ መልእክት ጻፈች። ልጇ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ በሽታው ከታወቀበትም ግማሽ ዓመት አልሞላውም። «ጸበል ይዤው ገብቻለሁ። ከትናንት ጀምሮ መርፌውን አቁሜለታለሁ፤ ደኅና ነው፤ እናንተም በእምነት ሞክሩት» ይላል። መልእክቱን አጠፋሁት። በዚህ ዛሬም አልጸጸትም፤ የእርሱ ዓይነት ስኳር ያለበት ልጅ ሰውነቱ ኢንሱሊን ማምረት የተወ ወይም ሊተው የደረሰ ስለሆነ፣ መርፌው ሲቆም ደሙ በአሲድ ይመረዛል፤ ማስመለስ፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ እንደበሰለ ፍራፍሬ የሚሸት ትንፋሽ ይከተላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በሰዓት የሚቆጠር ነው። ቡድኑን ከሚያነቡት ከሁለት መቶ በላይ ሰዎች መካከል አንዱ እንኳ ቢሞክረው ብዬ ፈራሁ። የምጸጸተው መልእክቱን ካጠፋሁ በኋላ በጻፍኩት ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ልጅሽን በገዛ እጅሽ እየገደልሽው ነው» አልኳት።

ሳይቆይ «ከቡድኑ ወጥታለች» የሚለው ግራጫ ጽሑፍ መጣ። ማታ ስደውል ስልኳ ዝግ ነበር። በማግስቱ በዚያው ቀበሌ የሚኖር አንድ አባላችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ መርፌው እንደቀጠለ ነገረኝ፤ እኔም ነገሩ ያለቀ መሰለኝና ወደ ፈተና ወረቀቶቼ ተመለስኩ። (አስተማሪ ነኝ፤ ማረም የለመደ እጅ በሰው ልብ ላይም ቀይ እስክሪብቶ ያነሣል።)

በዚያው ዓመት መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ቴሌግራሙ በአንድ ሌሊት ባዶ ቤት ሆነ። ሰማያዊውን ደብተር የገዛሁት ያኔ ነው። ስልክ በሚሠራባቸው ቀናት በየወረዳው አንድ አንድ ሰው እደውላለሁ፤ እርሱ ለአምስት ይደውላል፤ አምስቱም የየጎረቤታቸውን ያጣራሉ። የትኛው መድኃኒት ቤት ኢንሱሊን እንደገባለት፣ መንገዱ የትኛው ቀን እንደሚከፈት፣ ማን ትርፍ ብልቃጥ እንዳለው የምናውቀው በዚህ ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ ከደብረ ማርቆስ የተላከ ብልቃጥ በሦስት ሰው እጅ አልፎ፣ በራሰ ፎጣ እንደተጠቀለለ ሞጣ ደርሷል፤ የተቀበለው ሽማግሌ ደውሎ «እንደ ታቦት አጅበው አመጡት» ሲለኝ ሁለታችንም ሳቅን።

ያቺ እናት ግን በሰንሰለቱ ውስጥ አልነበረችም። ዝርዝሩን የሠራሁት በስልኬ ላይ ከቀረው የአባላት ስም ነው፤ የወጣ ሰው ስም ደግሞ በዝርዝሩ አይታይም። ቁጥሯ ግን ስልኬ ውስጥ ነበር፤ አላሰብኳትም። ቢቸና ውስጥ ከቤቷ ግማሽ ሰዓት በእግር በሚያስኬድ ቦታ ሁለት ብልቃጥ ያለው ሰው በነበረበት ወር ልጇ ኢንሱሊን አልቆበት፣ አስመልሶት፣ በሰው ሸክም ጤና ተቋም እንደገባና ከብዙ ቀን በኋላ እንደወጣ የሰማሁት ነገሩ ካለፈ ከአራት ወር በኋላ ነው። ልጁ መትረፉን የነገረኝ ያው የቀበሌዋ ሰው ነው፤ «እኔም እኮ መስሎኝ የነበረው እናንተ እንደምትደውሉላት ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ነገር ተለውጧል፤ ብዙም አይደለም። አደገኛ መልእክት ሳይ አሁንም ወዲያው አነሣዋለሁ፤ በአደባባይ ግን አንዲት ቃል አልጽፍም። መጀመሪያ እደውላለሁ። ስደውልም ስለ መርፌው አልጀምርም፤ ልጁ ምን በላ፣ ሌሊቱን እንዴት አደረ፣ አንቺስ ተኝተሻል ወይ እላለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ስለ መርፌው የምታነሣው እናትየዋ ራሷ ናት። ጸበል የሚሄድ ሰው ካለም መርፌውንና መለኪያውን ይዞ እንዲሄድ፣ ስኳሩ ቢወርድበት የሚቀምሰውም ስኳር በኪሱ እንዲይዝ እንነጋገራለን። ከቡድኑ የወጣ ሰውም ቁጥሩ ከደብተሩ አይወጣም።

የእርሷን ቁጥር ግን ዛሬ ማታ ነው ከቢቸናው ገጽ ግርጌ የጻፍኩት። ከጻፍኩ በኋላም ደወልኩ። ያነሣው ልጁ ነው፤ ድምፁ ሊጎረንን የጀመረ ይመስላል።

«እማዬ ጎረቤት ልቅሶ ቤት ናት» አለኝ።

ምን ልበለው? ከአፌ የወጣው የለመድኩት ጥያቄ ነው፤ ጠዋት ስኳርህ ስንት ነበር አልኩት።

«አንድ መቶ ሰማንያ ስድስት። ትናንት ይሻል ነበር» አለ፤ ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቅ። መርፌውን ማን እንደሚወጋው ስጠይቀው «ራሴ ነኛ!» አለና ጥቂት ዝም አለ። «ማን ደወለ ልበላት?»

ስሜን ነገርኩት። ከወዲያ በኩል የበግ ጩኸት ይሰማል።

«እሺ፣ እነግራታለሁ» ብሎ ዘጋው። አሁን ከምሽቱ አራት ሰዓት ሆኗል፤ ስልኩን ድምፅ ከፍቼ ደብተሩ ላይ አስቀምጬዋለሁ።